የዜሮዎቹ ደብተር

«ማሳከኩስ ዛሬ ስንት ነው?»

«ዜሮ።»

«ማዞሩ?»

«እሱንም ዜሮ በይው። አታድርቂኝ እንጂ፣ ጸሐፊዬ።»

ልጅቷ ጻፈች። ክሊኒኩ መቆያ ክፍል ውስጥ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ የወሩን የመጨረሻ መስመር እየሞላች ነበር። አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ መጻፍ ስለማይወድ የሕመሙን ደብተር፣ ምልክቶቹን በየቀኑ ከዜሮ እስከ አሥር እየለካች፣ የምትይዘው እሷ ናት። ሠላሳ ቀን፣ ሁሉም ዜሮ። ሒሳብ ላይ ይህን ያህል ዜሮ ብትሰበስብ ኖሮ ቤት የሚያስገባት አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ግን በዓይኗ አይታዋለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በዳቦ ቤቱ የጓሮ በር ገባች። አባቷ ፊቱና አንገቱ ቲማቲም መስሎ፣ በአንድ እጁ ሆዱን ይዞ፣ በሌላው የሊጥ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቆሟል። «ሙቀቱ ነው» አላት። ሙቀት በሽታውን እንደሚቀሰቅስበት እሷም አታጣውም።

የአባቷ ሐኪም ባለፈው ወር አስረድተዋቸዋል። ማስት ሴል የሚባሉ የሰውነት ጠባቂዎች አሉ። አባቷ ላይ ግን አንድ ዘረመል ተለውጦ፣ የሴሎቹ ማብሪያ እንደበራ ተጣብቆ ቀርቷል። ስለዚህ ያለ ልክ ይበዛሉ፤ ጠላት በሌለበት ይዋጋሉ፤ ማሳከኩም ማዞሩም የሚመጣው ከዚያ ነው። አዲሱ ክኒን ያንን የተጣበቀ ማብሪያ ለይቶ ያጠፋል። «በትንሹ እንጀምር» ብለው ነበር ሐኪሟ። «መጠኑን ልጨምር ወይስ ይብቃ የምለው የደም ምርመራውንና ይህን ደብተር አይቼ ነው።»

«አባዬ፣ ሐሙስ እኮ ዜሮ አልነበረም።»

«ተይ እንጂ። እውነቱን ካወቁ ከምድጃው ዞር በል ይሉኛል። ሃያ ዓመት ሙሉ የቆምኩበት ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ልሆን ነው?»

ድምፁ ሰለለባት። ልቧ ራርቶ ደብተሩን ከደነችው። ግን ዜሮ ብቻ ካዩ የክኒኑ መጠን በቃው ብለው እዚያው ላይ ይተዉታል። አንድ ቀን ምድጃው አፍ ላይ ቢያዞረውስ? ፈራች። ይህን ሁሉ ዜሮ የጻፈው የገዛ እጇ መሆኑ ደግሞ አናደዳት።

ደብተሩን መልሳ ገለጠች። የሐሙስን ዜሮ ሰርዛ ሰባት ጻፈች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጸሐፊህ አይደለሁ? ያየሁትን እየጻፍኩ ነው። ከምድጃው ዞር በል ካሉህ አብረን እንከራከራቸዋለን። ይሄን ግን ከእንግዲህ በውሸት አልሞላም።»

አባቷ ዱቄት ያልለቀቀውን ጫማውን ቁልቁል አየ። በሩ ተከፈተና ነርሷ ተራቸውን ጠራች። ሁለቱም ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ክንዷን ያዝ አደረጋት።

«ማክሰኞ አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ» አለ ቀስ ብሎ። «ወድቄ ነበር። ዘጠኝ በይው።»

ልጅቷ ነርሷን «አንዴ ይጠብቁን» አለቻትና ደብተሩን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ዘጠኝ ጻፈች። እስክሪብቶውን ግን አልከደነችውም።

«ረቡዕስ?» አለችው።