ጉብ ያለው ፒስተን

«ነካ ወይስ አልነካም?» አለ ምንያህል ከበሩ ላይ ቆሞ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

እየሩስ ከተፈታው ሞተር ቀና አላለችም። ታላቅ ወንድሟ እሁድ በሆሞሻ መንገድ ላይ ከጓደኛው ከኢዘዲን ጋር በሞተር ሳይክል ሊፎካከር ቀጠሮ ይዟል። ከፊቷ ሁለት ፒስተኖች አሉ፤ አንዱ አናቱ ጠፍጣፋ፣ ሌላው ጉብ ያለ። ጉብ ያለው ቤንዚኑን አብዝቶ ስለሚጨምቅ ለሞተሩ ጉልበት ይሰጠዋል። ምንያህል ልቡ የተሰቀለው እሱ ላይ ነው። ብቻ ወደ ላይ ሲወጣ ቫልቩን እንዳይነካ መፈተሽ ነበረበት። ፍተሻውን ደግሞ ለእህቱ ሰጣት። እሷም ከእናታቸው ቡሃቃ ቁራሽ የዳቦ ሊጥ ሰርቃ ፒስተኑ አናት ላይ ለጠፈች፤ የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ ገጠመች፤ ሞተሩን በእጇ አዙራ መልሳ ከፈተችው።

ሊጡ ላይ የቫልቩ ምልክት አለ፤ ከሥሩ ግን ደህና ውፍረት ተርፏል። አይነካም።

የጭመቃ ልኩንም አስልታዋለች። በጠፍጣፋው ዘጠኝ ለአንድ፣ ጉብ ባለው አሥራ ሁለት ለአንድ። አሥራ ሁለቱን ጥሩ ቤንዚን ይችለው ይሆናል። አሶሳ ማደያው ሲደርቅ የሚገኘው ግን በሃይላንድ የሚሸጠው ነው፤ ምን እንደተቀላቀለበት ሻጩም አያውቀው። እንዲህ ያለው ቤንዚን አብዝቶ ሲጨመቅ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስተን ይበሳል። ሞተሩ በሩጫ መሃል ከተጣበቀ ደግሞ የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል፣ ምንያህልም... ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለገችም። ወንድሟን ትወደዋለች፤ ይኸው ነው።

ሊጡን በመዳፏ ጨፈለቀችው።

«ነካ» አለች።

«ቀልድ ነው በይኛ!» ፊቱ ወረደ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። «በቃ፣ ኢንጂነሯ ካለች አለቀ» አለና ጉብ ያለውን ፒስተን ቀስ እያለ በጨርቅ ይጠቀልለው ጀመር።

ያ አመማት። ቢከራከራት፣ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«ምንያህል።»

«ወዬ።»

«አይነካም። ዋሸሁህ።»

እጁ ቆመ። «ለምን?»

«ፈራኋ! በሃይላንድ ቤንዚን ሞተሩ መንገድ ላይ ቢጣበቅስ? አንተስ?» እንባዋ መጣ፤ በዘይታም እጇ ስትጠርገው ጉንጯ ጠቆረ።

«ታዲያ ይህን አትነግሪኝም?»

«ብነግርህ መቼ ትሰማኛለህ!»

«እሱስ...» አለና ራሱን አከከ። ከዚያ ዱካ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «ሊጡ የታለ?»

«ጨፈለቅኩት።»

«ሌላ አምጪ። አሁን እኔ ልለካ። ስሌቱንም አሳዪኝ።»

እናታቸው ከጓዳ «ኧረ ዛሬ ሊጤን ምን በላው!» ስትል ሰሙና ተያይተው ሳቁ።

ሊጡን እሱ ለጠፈ። አልነካም። በሲሪንጅ ዘይት እየሞላ የቴስታታውን ጉድጓድ እሱ ለካ፤ ሲደምር ተሳሳተና እንደገና ደመረ። አሥራ ሁለት። እየሩስ የምትለውን ብላለች፤ አሁን እሱ አውቆ ይምረጥ። ምንያህል ሃይላንዱን አንስቶ ቤንዚኑን በብርሃን አየው፤ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው።

«ኢዘዲን እሁድ ይስቅብኛል» አለ።

«ይስቃል።»

«ወላሂ እያለ ለከተማው ሁሉ ያወራል።»

«ያወራል።»

ተነፈሰ። ከዚያም «ያዢልኝ እስቲ፣ የፒስተኑን ቀለበቶች እንግጠም» ብሎ ፒስተኑን መዳፏ ላይ አኖረላት። ጠፍጣፋውን።