ሳትሄድ የሄደችው ነርስ

«እርስዎ እኮ ሄደዋል» አላት ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው የኤምባሲው የቪዛ ክፍል ጸሐፊ።

ነርሷ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። ለሌላ ሰው የተናገረ መስሏት ነበር።

«የሥራ ፈቃድዎ ባለፈው ዓመት ወጥቷል። አሁን እዚያ አገር ሆስፒታል ተቀጥረው እየሠሩ ነው።»

«እዚህ ቆሜያለሁ እኮ።»

ጸሐፊው ኮምፒውተሩን አየ። እሷን አየ። ኮምፒውተሩን አመነ።

በስሟ የገባችውን ሴትዮ ፎቶ እንዲያሳያት ለመነችው። የደንበኛ ምስጢር ስለሆነ ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይታይም አላት።

«የስሙ ባለቤት እኔ ነኝ።»

«ፎቶው ግን እርስዎን አይመስልም» አለና ቀጣዩን ሰው ጠራ።

እዚያው አገር ያለ ሌላ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ነርስነቱን ቦታ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ይዞላታል። የቋንቋውን ፈተና ያለፈችው ገና ባለፈው ወር ነው፤ ያውም «ገና ነሽ» እያለ ዓመት ሙሉ ሲያቆያት የኖረውን አስተማሪዋን ተደብቃ። ልጇ የክፍል ጓደኞቿን ተሰናብታ ጨርሳለች። እናትየው ደግሞ ሄዳለች ተባለች። ብቻዋን።

ከመስኮቱ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገባች።

ኢንስፔክተሩ አንገተ ወፍራም ሰው ነበር። ስልክ ሲደዋውል ዋለና ነገሩን ከስሩ አገኘው፤ አንዲት ሴት በነርሷ ዲግሪ፣ በነርሷ የሙያ ፈቃድ፣ በነርሷ ስምና በራሷ ፎቶ በተሠራ ሐሰተኛ ፓስፖርት ፈተናውን ተቀምጣ ሄዳለች። ሴትየዋ የተቀጠረችበትንም ሆስፒታል ስልክ አግኝቷል።

«ወረቀቶችሽን ማን ያውቃቸዋል፣ ሲስተር?»

ወረቀቶቿን የቀዶ ጥገና መሣሪያ በሚጠቀለልበት አረንጓዴ ጨርቅ ጠቅልላ እንደ አራስ ልጅ ይዛ ነው የምትዞረው። ሥራ ላይ ስትሆን በክፍላቸው ሣጥን ውስጥ ትቆልፍባቸዋለች። የሣጥኑ ትርፍ ቁልፍ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው፤ በሥራ ባልደረባዋ፣ «ቀጭኗ» በሚሏት።

ቀጭኗ ደግሞ አንድ ቀልድ ነበራት። «አንቺ ምላስሽ እስኪፈታ ወረቀትሽን ስጪኝና እኔ ልሂድልሽ» ትል ነበር፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ፖሊስ ቀልድ አይወድም። ማስረጃ ሆኖ ሲመጣለት ግን ነፍሱ ነው። ወረቀቱን አሳልፋ ሰጥታለች ተብላ ቀጭኗ ከነሥራ ልብሷ ተያዘች።

ነርሷ ፊት ለፊት ስታገኛት ራሷን መያዝ አቃታት። አብረን ያደርን፣ አብረን የደማን ብላ ጀመረችና መጨረሻው ለጆሮ የማይመች ሆነ። ኢንስፔክተሩ መሐላቸው ገብቶ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«ከነዚህ የትኛውን ሸጥሽ?»

ቀጭኗ ወረቀቶቹ የፈሰሰ ሻይ ላይ እንዳይደርሱ ሰበሰበቻቸው። ጨርቁን በንዴት ዘረጋች፤ አስቀመጠቻቸው፤ ጠቀለለች፤ የመጨረሻዋን ጫፍ ቆልምማ ወደ ውጭ ተወቻት። እጇን አላየችም። ዓይኗ ጓደኛዋ ላይ ነበር።

ነርሷ ግን የቀጭኗን እጅ አየች።

«ፍቷት» አለች በመጨረሻ። «እሷ አይደለችም።»

«አሁን ሌባ ስትዪያት አልነበር?»

አስረዳችው። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ጥቅል ሲከፈት እጅ ከንጹሑ ዕቃ በላይ ማለፍ የለበትም። ስለዚህ ሲጠቀለል የመጨረሻዋ ጫፍ ተቆልምማ ወደ ውጭ ትቀራለች፤ የሚከፍተው ሰው እሷን ይዞ ከራሱ አርቆ እንዲገልጣት። ይህን የሁለቱም እጅ እንቅልፍም ላይ ሆኖ አይስተውም። አምና አንድ ቀን ጥቅሏን ስትፈታ ጫፏን ወደ ውስጥ ተወትፋ አገኘቻት። ድካሙ እጄን እንኳ አስረሳኝ ብላ ራሷን ሰድባ ተወችው። የሣጥኑን ክፍል ደግሞ የዚህ ሙያ ሰው ካልሆነ አይረግጠውም፤ ጥቅሉን ባዕድ እጅ የፈታው ሌላ ቦታ ነው ማለት ነው።

«ታዲያ ሌላ የት አስቀምጠሽው ነበር?»

ቀስ ብላ አሰበች። ያ ቀን የፈተና ልምምድ ቀን ነበር። አስተማሪው ልክ እንደ እውነተኛው ፈተና ይሁን ብሎ የተማሪውን ሁሉ ቦርሳ ይሰበስብና ቢሮው ይቆልፍበታል። ቢሮው ውስጥ የምትቀመጠው ሚስቱ ናት።

«ቲቸር» አለች ነርሷ።

ሦስቱም ሄዱ። የቋንቋ ማስተማሪያው ክፍል ከፋርማሲ በላይ ነው። ቲቸር እንደ ሁልጊዜው ሸሚዙ አሁን ከካውያ ሥር የወጣ መስሎ ተቀበላቸው።

«እህት ዓለም! ዛሬ ልምምድ የለንም እኮ።»

ኢንስፔክተሩ ሚስቱ የት እንዳለች ጠየቀው። ለሕክምና ዘመዶቿ ጋ ሄዳለች አለ። መቼ? አምና።

«ሕመሙ ረዥም ነው» አለ ኢንስፔክተሩና በስልኩ ወደ ሆስፒታሉ ደውሎ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገው። የባዕድ ቋንቋ መጣ። ለቲቸር ዘረጋለት። ቲቸር ጉሮሮው እንደታመመ ተናገረ።

ነርሷ ስልኩን ነጠቀች። በዚያ «ገና ነሽ» በተባለችበት ቋንቋ፣ ሳትደናቀፍ፣ በራሷ ስም የምትጠራዋን ነርስ እንዲያቀርቡላት ጠየቀች።

ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ አንዲት ሴት የነርሷን ሙሉ ስም ከባለቤቲቱ ይልቅ አሳምራ ጠርታ «ነኝ» አለች።

«እኔም እሷ ነኝ» አለች ነርሷ፣ በዚያው ቋንቋ። «ለመሆኑ የሰው ደም ሥር አግኝተሽ ታውቂያለሽ?»

ስልኩ ውስጥ አማርኛ ተሰማ።

«ባሌ... ባሌ አጠገብሽ አለ?»

ቲቸር ተቀመጠ። ወንበሩ የተማሪ ነበር።

«ስንቱን አስተምሬ ሸኘሁ» አለ። «ሁላችሁም እኔ በፈታሁት ምላስ ሄዳችሁ። እኔ ባመለክት የቋንቋ መምህር ከሚፈለጉት ሙያዎች ውስጥ የለም ተባልኩ። ሚስቴ ቋንቋው አላት፣ ሙያ የላትም። አንቺ ሙያው አለሽ፣ ምላስሽ ይንተባተባል። ሁለቱን ባንድ ሰው ላይ አምጡ አሉን። አመጣሁላቸው። ገብታ ቦታ ስትይዝ እኔን በባልነት ትወስደኝ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ የጣልከኝስ?»

«ብታልፊና ብታመለክቺ ሁለት ትሆኑብን ነበራ።»

«እኔን ተወኝ» አለች ነርሷ። ድምጿ ዝቅ አለ፤ ቀጭኗ ስለምታውቃት አንድ እርምጃ ተጠጋቻት። «የታመመ ሰው ነው እዚያ የተኛው። ነርስ ናት ብሎ ክንዱን የሚሰጣት ሰው። ይኼን አስበኸዋል?»

ቲቸር ቋንቋ ሁሉ ጠፋበት።

በማግስቱ ነርሷ የፖሊሱን ማስረጃ ይዛ መስኮቱ ላይ ቀረበች። ቀጭኗም ተከትላታለች፤ አኩርፋለች፣ ግን ጥቅሉን የያዘችው እሷ ናት።

ጸሐፊው አነበበ። አዘነላት። ነገር ግን በስሟ ማጭበርበር ስለተፈጸመ ስሟ ለማጣራት ታግዷል። ማጣራቱ ከወሩ መጨረሻ ያልፋል። በስሟ የተወሰደ የቋንቋ ፈተና ሁሉ፣ የሌባዋም የራሷም፣ ተሰርዟል። ቋንቋውን መቻሏን እንደ አዲስ ማስረዳት አለባት።

«አሁን ላስረዳህ» አለች ነርሷ።

ወደ መስታወቱ ተጠጋች። በዚያ አገር ቋንቋ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሁሉንም ነገረችው፤ የጠፋውን ሥራ፣ የተሰናበተችውን ልጅ፣ ሙያ በሌለው እጅ ላይ የወደቀውን ሕመምተኛ፣ የጸሐፊውንም የእውቀት ልክ። በአንዲት ቃል እንኳ አልተደናቀፈችም።

ስትጨርስ ጸሐፊው ጆሮውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ።

«ይቅርታ፣ በአማርኛ ይበሉልኝ» አለ። «እኔ ቋንቋውን አልችልም።»