ከሽጉጡ ጋር የሚያድር ጫማ

ከርት ዶብስ በአማቱ የሆቴል ክፍል ውስጥ፣ በአማቱ አልጋ እግር ሥር በጀርባው ተንጋልሎ ተገኘ። ደረቱ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች። የሎማ ሴካ ከተማ ሰው ሬሳውን ሳያይ ፍርዱን ጨርሶታል። ሽማግሌው ኦርቪል ሃስኬት ሽጉጣቸውን ረስተው ራስጌያቸው ጠረጴዛ ላይ ተዉት፤ አማቻቸው አነሳው፤ ባረቀበት። አለቀ።

የወረዳው መርማሪ ኢነዝ ባካ ግን «አለቀ» የሚሉት ቃል ያንገሸግሻታል፤ ያውም በጋሽ ኦርቪል ላይ ሲባል! እኚህ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ፖሊስ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ለወረዳው ሰው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የመሣሪያ አያያዝ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ኢነዝንም ሽጉጥ ያስያዟት እሳቸው ናቸው። በእሳቸው እጅ ያለ መሣሪያ ሰው ጎድቶ አያውቅም። ሚስት ሞተች፣ ጉልበት ከዳ፣ ማስታወሱም እየሸሸ ነው፤ የቀረቻቸው ኩራት ይህች ብቻ ነበረች። አሁን እሷንም የከተማው ወሬኛ ሊነጥቃቸው ነው።

የሆቴሉ ባለቤት ጃየሽ የክፍሉ በር ላይ እጁን አጣጥፎ ቆሞ ጠበቃት።

«እትዬ ኢነዝ፣ ከዚህ በር ንቅንቅ አላልኩም። ዝንብ እንኳ አላስገባሁም። ዛሬ እኮ ቀኑ ጠምዶ ይዞኛል! የውሃ ማሞቂያው ከንጋት ጀምሮ ሞቶ፣ እንግዳው ሁሉ ‹በበረዶ ልታጥበን ነው ወይ› እያለ ሲሰድበኝ ነው ያረፈደው። በዚያ ላይ ደግሞ ሬሳ!»

«ተኩሱን ስትሰማ የት ነበርክ?»

«ቁርስ ቤት። ጋሽ ኦርቪል ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እንቁላላቸውን በአረንጓዴ ቃሪያ ይበላሉ። ጓ! ሲል አብረን ተነሣን። እሳቸው ምን ይሮጣሉ! አንድ እግራቸው ላይ ቡትስ፣ አንዱ ላይ የቤት ነጠላ ጫማ። በሩ ራሱን በራሱ የሚቆለፍ ነው፤ በእኔ ቁልፍ ከፍቼ ቀድሜ ገባሁ። ሰውየው እንዲህ እንዳለ ነው። ሌላ ነፍስ የለም። ጋሽ ኦርቪል ሲደርሱ ደረታቸውን ይዤ መለስኳቸው።»

«ይቺስ የውስጥ በር?»

«የልጃቸው የማርሊስና የባሏ የከርት ክፍል መተላለፊያ ናት። ሽማግሌውን ለመጠበቅ ክፍት ትሁንልን ብለውኝ ነው።»

ኢነዝ ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች። ሽጉጡ አልጋው ሥር ወድቋል። ከአልጋው እግር ጋር በብረት ገመድ የታሰረ ትልቅ የብረት ሳጥን አለ፤ ጓጉንቸሩ ተቆልፏል። ከሬሳው አጠገብ አንድ የግራ እግር ቡትስ በጎኑ ተጋድሟል። ደሙ ምንጣፉ ላይ ፈስሶ ጫማው ጋ ሲደርስ ዞሮት ሄዷል። ኢነዝ ጫማውን አነሳችው። ከሥሩ ያለው ምንጣፍ ንጹሕና ደረቅ ነበር።

ጫማውን አገላብጣ አየችው። ከዚያ «ወይ ጋሽ ኦርቪል!» አለች ለራሷ።

ሽማግሌው ቁርስ ቤት ውስጥ የቀዘቀዘ እንቁላላቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። ያ ነጠላ ጫማ አሁንም ግራ እግራቸው ላይ ነው።

«ረሳሁት» አሉ ገና ሳትጠይቃቸው። «ማታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፣ ጠዋት ትቼው ወጣሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጻፊው።»

«ጥይት እንደጎረሰ?»

«እንደጎረሰ።»

«እርስዎ?»

«እኔ! አርጅቻለሁ እኮ ኢነዝ! ምን ትፈልጊያለሽ?» ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት።

«የሳጥኑ ቁልፍ የት ነው?»

ከሸሚዛቸው ሥር በክር የተንጠለጠለች ትንሽ ቁልፍ አወጡ። ራሷ ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብቷል። «ባለቤቴ ናት የቀባችው፣ ከሌላ እንዳይምታታብኝ ብላ።»

«ሁለተኛውስ? ጓጉንቸር ሲገዛ ሁለት ቁልፍ አለው።»

«ከእሷ ጋር ተቀብሯል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

ወንድ ልጃቸው ሮይስ ግቢው ውስጥ የፒክአፑ መስታወት ላይ የያዘውን በረዶ ይፍቃል። ለዓመታዊው የሽጉጥ ዒላማ ውድድር ነበር ቤተሰቡ በሙሉ የመጣው። ውድድሩ ተሰርዞ፣ መሄጃ ጠፍቶ፣ እሱ ግን ይፍቃል።

«ለእህትህ ባል አላዘንክም መሰለኝ» አለችው።

«ላልቅስለት? ባክሽ አታስቂኝ። ከርት እኮ ሰው ፊት ማር፣ ቤቱ ሲገባ እሬት ነበር። እኔ ብገድለው ግን በጡጫ ነበር የምገድለው። ሽጉጥ ለእሱ ይበዛበታል።»

«ተኩሱ ሲሰማ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ማን አየህ ካልሽኝ እንጃ።»

«አባትህ እውነት ይረሳሉ?»

«ይረሳል እንጂ! ባለፈው የእኔ ስም ጠፍቶበት በውሻው ስም ጠራኝ። እኔም አቤት አልኩት፣ ምን ላድርግ?» ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ጠፋ። «ሽጉጡን ግን... እንጃ ኢነዝ። ያንን ሳጥን አይተሽዋል? በገዛ እጁ የበየደው ነው። ሰዎች ‹ለአንዲት ሽጉጥ ይህን የሚያህል ሳጥን?› ብለው ሲስቁበት ‹ጫማዬስ የት ይደር?› ይላቸዋል። ሽጉጡን ግራ ቡትሱ ውስጥ ሰክቶ ሁለቱን አብሮ ይቆልፋቸዋል።»

ኢነዝ ታውቀዋለች። አዳራሹ ውስጥ ያለ መታከት የሚደጋግሙት ትምህርት ነው፦ የሆቴል ካዝና የሆቴሉ ነው፤ ባለቤቱ መክፈቻ አለው። የራስህን ሳጥን ይዘህ ሂድ፤ አንድ ጫማህንም አብረህ ቆልፍ። በአንድ እግሩ ጫማ አድርጎ ከሆቴል የሚወጣ ሰው የለምና መሣሪያህን ረስተህ አትሄድም። ሽጉጡና ጫማው አብረው ይገባሉ፣ አብረው ይወጣሉ።

ማርሊስ ክፍሏ ውስጥ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ነበረች። አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ዓይኗ አልቅሶ ሳይሆን እንቅልፍ አጥቶ የቀላ ይመስላል።

«ሻወር ቤት ነበርኩ» አለች። «ሙቅ ውሃ ላይ ስቆም መውጣት ያስጠላኛል፤ እንፋሎቱ፣ ጩኸቱ... ተኩሱን አልሰማሁም። ጃየሽ ሲጮህ ነው የወጣሁት። ከርት የአባዬን መድኃኒት ሊያመጣለት ገብቶ ነው። ምስኪን አባዬ! ስንቴ ነገርነው፣ ይህን ሽጉጥ ተው ብለን!»

«እግዜር ያጽናሽ» አለች ኢነዝ። «መኪናሽ የአምቡላንሱን መንገድ ዘግቷል። ቁልፉን ብትሰጪኝ አስነሣዋለሁ።»

ማርሊስ ከቦርሳዋ የቁልፍ ቀለበቷን አውጥታ የመኪናውን ቁልፍ ብቻ ልትፈታ ታገለች። የቤት ቁልፍ፣ የመኪና ቁልፍ፣ በመካከላቸው አንዲት ትንሽ። የትንሿ ራስ ቀይ ነበር። ኢነዝ የመኪናውን ቁልፍ ተቀብላ አመስግና ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። አሁን ዝም ብትል ነገሩ ያልቃል። ሽማግሌው «አረጁ» ተብሎ ይታዘንላቸዋል፣ ከርት ይቀበራል፣ ማርሊስ ቤቷ ትገባለች። ግን እኚህ ሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው «አማቹን በግዴለሽነት ያስገደለ» ሲባሉ ይኖራሉ። ደሞስ ዓይን ያወጣ ውሸት ጽፋ ልትፈርም ነው? ሥራዋን ረገመች፤ ከዚያ ሁሉንም ቁርስ ቤት ጠራቻቸው።

በላስቲክ የተጠቀለለውን ቡትስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጃየሽ ወደኋላ ሸሸት አለ። ኦርቪል ጫማውን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ጋሽ ኦርቪል፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አይበሉኝና ዛሬ እኔ ላስተምር» አለች። «ቁርስ በነጠላ ጫማ መጡ። ቡትስዎ የት ነበር?»

«ምን አውቄ።»

«ሳጥኑ ውስጥ። ሌላ ቦታ ቢሆን ኖሮ አድርገውት ይወጡ ነበር። አሁን ግን ይኸው፣ ምንጣፉ ላይ ተገኘ። ደሙ ዞሮት ሄዷል፣ ሥሩ ደረቅ ነው። ደሙ ሲፈስ ጫማው ከሳጥኑ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። እርስዎ ያኔ ጃየሽ ፊት ተቀምጠው ይበላሉ፣ ቁልፉም አንገትዎ ላይ። ታዲያ ማን አወጣው?»

«ሊሆን ይችላል...» ኦርቪል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሊሆን ይችላል ጫማውን ብቻ ቆልፌ ሽጉጡን ውጪ ረስቼው።»

«ይሁን። ሽጉጡ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ፣ ሳጥኑን ማን ምን ብሎ ይከፍተዋል? የአንድ እግር ጫማ ሊሰርቅ?»

ሮይስ ቀስ ብሎ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ሳጥኑ የተከፈተው ሽጉጡ ውስጡ ስለነበረ ነው» አለች ኢነዝ። «ሽጉጡን ለማውጣት ጫማውን ማውጣት ግድ ነው፤ እሱ ውስጥ ነውና የተሰካው። የከፈተው ሰው ጫማውን ወረወረ፣ ተኮሰ፣ ጓጉንቸሩን መልሶ ቆለፈ፣ ተረስቶ የተተወ እንዲመስል። ጫማውን ግን እዚያው ተወው። ሌላ ሰው ቢሆን ‹ይህ ከሳጥኑ ጋር የወጣ ዕቃ ነው› ብሎ ይመልሰው ነበር። በጋሽ ኦርቪል ቤት ያደገ ሰው ግን የአባቱን ቡትስ አልጋ ሥር ዕድሜውን ሁሉ ሲያየው ኖሯል። ዓይኑ ያልፈዋል።»

«በቃ፣ ወይ እኔ ነኝ ወይ እህቴ በይና!» አለ ሮይስ።

«ጃየሽ፣ ተኩሱን እንደሰማህ ወዴት ነበር ያየኸው?»

«በመስኮቱ፣ እትዬ። የመኪና ጎማ የፈነዳ መስሎኝ። ሮይስ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ፒክአፑ ሥር ተወሽቆ ነበር።»

«እግዜር ይስጥህ» አለ ሮይስ፤ አፍሮ ጆሮው ቀላ።

ኢነዝ ወደ ማርሊስ ዞረች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ዛሬ እዚህ ሆቴል ሙቅ ውሃ አልነበረም፣ ማርሊስ። ከንጋት ጀምሮ። እንፋሎቱ ከየት መጣ? የቁልፍ ቀለበትሽ ላይ ያለችው ባለ ቀይ ራስ ቁልፍስ?»

«ቁልፉን እንዳትሰጪያት!» ሽማግሌው ብድግ አሉ። «ማርሊስ፣ አንድ ቃል እንዳትናገሪ! እኔ ነኝ የረሳሁት! ረሳሁት አልኩ እኮ!»

«ተው አባዬ» አለች ማርሊስ። ቁልፎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። ከዚያ ሻርፑን ፈታችው። አንገቷ ዙሪያ የሰው ጣት ተቆጥሮ የሚታይ ሰንበር ነበር። ጃየሽ «ራም ራም» ብሎ የአምላኩን ስም ጠርቶ ፊቱን አዞረ።

«ማታ ነው ይሄ። ‹ቤት ስንገባ እጨርስልሻለሁ› አለኝ። እማዬ ስትሞት ነው ቁልፏን የሰጠችኝ፤ አባትሽ ይረሳል፣ አንቺ ያዢው ብላ። አባዬ ቁርስ ሲወርድ ገብቼ ከፈትኩት። ላስፈራራው ብዬ ነው፣ እውነቴን ነው። ተከትሎኝ ገባ። በእጄ ላይ ሲያየው ሳቀ። ‹አባትሽ ጣሳ እንጂ ሰው መምታት አላስተማረሽም› ብሎ እጁን ዘረጋ።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?» ሮይስ ጮኸ። «ወንድምሽ አይደለሁም እንዴ?»

«ለአባዬ ነግሬው ነበር።» አባቷን አላየችም። «አንድ ክረምት ከንፈሬ ተሰንጥቆ በሩን አንኳኳሁ። ስንቱን ሚስት ደብዳቢ በሰንሰለት አስሮ የወሰደ ፖሊስ ነው፤ እኔን ‹ከርት ጥሩ ተኳሽ ነው፣ ጨዋ ነው፣ አንቺ ነሽ ነገር የምታበዢው› ብሎ በመኪናው ወደ ባሌ መለሰኝ።»

ኦርቪል እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ልጃቸው ትይዘው እንደሆን ጠበቁ። አልያዘችውም።

ኢነዝን ንዴት አነቃት። «ገና እንደመጣሁ ይህን አንገት አሳይታችሁኝ ቢሆን ኖሮ ለነፍሷ የፈራች ሴት ብዬ እጽፍ ነበር። አሁን ምን ልጻፍ? ሻወር ቤት ነበርኩ ያለች፣ ሳጥኑን መልሳ የቆለፈች፣ አባቷ የዋሸላት። ዳኛ ይህን ሲያነብ ‹አስባበት ነው› ነው የሚለው። ጋሽ ኦርቪል፣ ያዳኗት መስሎዎት ገመዱን ያጠበቁባት እርስዎ ነዎት።»

«ጫማዬን ምንጣፉ ላይ ሳየው ነው ያወቅሁት» አሉ ሽማግሌው። «ጃየሽ ደረቴን ይዞ ሲመልሰኝ፣ በትከሻው ላይ አሻግሬ አየሁት። አንድ ጊዜ እንኳ ልዋሽላት አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳ አባት ልሁን አልኩ።»

ፖሊሶች ማርሊስን ይዘዋት ወጡ። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «መድኃኒትህን አልወሰድክም፣ አባዬ» አለች፤ ከዚያ ሄደች።

ሮይስ አባቱን ደግፎ ወደ ፒክአፑ ሲወስዳቸው ኦርቪል ደጃፉ ላይ ቆሙ። ግራ እግራቸውን አዩት። ነጠላ ጫማው በረዶው ላይ ረጥቧል።

«ጫማዬን» አሉ።

«ለማስረጃ ያስፈልገኛል፣ ጋሼ» አለች ኢነዝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ሁሉ ይረሳል፣ ጃጅቷል ይለኛል። የሮይስ ስም ይጠፋብኛል፤ እውነት ነው። ያንን ክረምት ግን፣ በሩ ላይ ስትቆም የለበሰችውን ካፖርት፣ የከንፈሯን ደም፣ በመኪናው ስመልሳት አንድም ቃል አለመናገሯን...» ክንዳቸውን ከልጃቸው እጅ አላቀቁ። «ምነው ረስቼው በነበረ፣ ኢነዝ።»

ከዚያ በአንድ እግራቸው ቡትስ፣ በአንዱ ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ ከሆቴሉ ወጡ።