የሠላሳኛው ቀን ካውያ

ሟቿ የተገኘችው ግማሹ ተተኩሶ፣ ግማሹ እንደተጨማደደ በቀረ ነጭ ሸሚዝ አጠገብ ነው። ካውያው ከጎኗ ወድቆ የወለሉን ምንጣፍ አጥቁሮታል። ከእጀታው ላይ ወርቃማ ወረቀት ተንጠልጥሏል፤ «ናሙና፣ ለሽያጭ ያልቀረበ» ይላል።

አንባቢዎቿ የሚጠሯት «ሠላሳ ቀን» እያሉ ነበር። ምድጃ፣ ማራገቢያ፣ ካውያ ትፈትሻለች፤ በአንድ ዕቃ ሠላሳ ቀን ሙሉ በገዛ ቤቷ ሳትሠራበት ብሎጓ ላይ አንዲት መስመር አትጽፍም። አስመጪዎች ዕቃቸው እንዲፈተሽ ይከፍሏታል። እሷም ከጽሑፉ አናት ላይ «ይህ ፍተሻ ተከፍሎበታል» ብላ ትጽፍና፣ ዕቃው መጥፎ ከሆነ መጥፎ ነው ትላለች። በዚህ ጠባይ ስምንት ዓመት ደንበኛ አለማጣቷ ራሱ ምርመራ የሚያስፈልገው ነገር ነው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ በሌለችበት «እሜቴ ለምን» ይሏታል። ሃያ ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ቃል ስትጠይቅ ሰውን ሰልችቶታል፤ እሷን ግን አልሰለቻትም። በርከክ ብላ ገመዱን አየች።

«መብራት ነው የያዛት፤ ገመዱ ተቃጥሎ ነው የተላጠው» አለ ሳጅኑ። «የፋብሪካ ችግር ነው። ይኸው፣ የአስመጪው ናሙና መሆኑ ተጽፎበታል።»

«የተቃጠለ ገመድ ጠርዙ ይጠቁራል። ይሄ ንጹሕ ነው፤ በምላጭ ነው የተላጠው። የት ጋ እንደተላጠ እየው፤ ልክ ጣት የሚያርፍበት ላይ።» ካውያውን ገለበጠችው። ሆዱ ቡናማ ሆኗል፤ የእንፋሎቱ ቀዳዳዎች በደረቀ ውሃ ነጭ ቅርፊት ተደፍነዋል። ወርቃማው ወረቀት ግን አንዲት ጠብታ አልነካችውም፤ ጥግ ጥጉ እንኳ አልታጠፈም።

«ለምን?» አለች ለራሷ። ሳጅኑ ምኑ ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ልምድ አለው።

ታላቅ እህቷ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ታናሿን ያሳደገቻት እሷ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጥታ አስከሬኑን አገኘች፤ ለፖሊስ፣ ለፎቶ አንሺውና ለሟቿ አብሮ አደግ ደወለች። ሁለቱ ወዳጆቿ ከፖሊስ ቀድመው ደረሱ። እሷ ግን ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ መቆም አልቻለችም።

«እዚህ ሲቀመጡ ውስጥ ማን ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ሁለቱም ነበሩ። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው ገባና አንሶላ አለበሳት። እሱ ውሃ ሊያመጣልኝ ሲወጣ ደግሞ አብሮ አደጓ ገባች።» እህትየው መሐረቧን ጨመቀችው። «እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ነጋዴው በር ላይ ቆሞ እህትሽ ሌባ ናት፣ ምስጋና ትሸጣለች ይላል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል ነው የሰማሁት። ውሸት ሸጣ እንደሆነ ይንገሩኝ። ገዳይዋን ከማወቅ ይልቅ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።»

መርማሪዋ ቃል አልገባችም። ነጋዴው ወደቆመበት ሄደች።

ካውያውን ያስመጣው ነጋዴ የመጣው ከፖሊስ በኋላ ነው። ሰውየው ወፍራም ነው፤ ንዴቱ ከሐዘኑ ይበልጣል፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሆነብኝ» አለ። «ዋጋ የምትነግረን ጓደኛዋ ናት። ለፍተሻውና ለጥሩ ቃል ብላ ሠላሳ ሺህ አስከፈለችኝ። ሰኞ ደግሞ ደወለችና፣ ሠላሳ ቀን ዋጋ ጨምራለች፣ የሚቀጥለው ዕቃዎ ሃምሳ ሺህ ነው አለችኝ። ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እዚሁ መጣሁ። እንዴት ነው ካውያዬ ብላት፣ ያንጠባጥባል፣ እንደዚያው እጽፋለሁ አለችኝ። ሠላሳ በልተሽ ልታዋርጂኝ ነው ወይ፣ አሁን ደግሞ ሃምሳ? ብዬ ጮህኩባት።»

«እሷስ?»

«ፊቷ አመድ መሰለ። አልካደችም፤ አላመነችምም። "ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ገጼን ይመልከቱ" ብላ በሩን ከፈተችልኝ።»

«ክፍሉ ውስጥ ብቻዎን ቆይተዋል?»

«መጀመሪያ ሻይ ላፍላ ብላ ወጥታ ነበር። ለምን?»

«ለምን የምለው እኔ ነኝ» አለች መርማሪዋ።

ፎቶ አንሺው ዓይኑ ቀልቷል። ሟቿ የምትጽፍባቸውን ዕቃዎች በሙሉ ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው።

«ትናንት መጥተህ ነበር?»

«አሥር ሰዓት ላይ። ካውያውን ነጭ ጀርባ ላይ ላነሳው ይዤው ሄድኩ። እስካሁን ስቱዲዮዬ ነው ያለው።»

«ካውያውማ ውስጥ ወድቋል።»

«እሱ ሌላው ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሁለት ናቸው። ይሄን ከእሷ፣ ከእህቷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አስመጪ የሚልከው ተመርጦ፣ ተወልውሎ ነው። ስለዚህ እህቷ እንደማንኛውም ገዢ ሱቅ ሄዳ ሌላ ትገዛላታለች። የተላከው ለፎቶ፣ የተገዛው ለፍተሻ። የተላከውን አንድም ቀን ሰክታው አታውቅም።»

«ወርቃማው ወረቀትስ?»

«የተላከው ላይ ነበር። ፎቶ ያበላሻል ብዬ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ሄድኩ።»

«ዛሬ ጠዋት ስትገባ ካውያው ላይ ወረቀት ነበረበት?»

«እኔ ካውያ አላየሁም» አለ። «እሷን ነው ያየሁት።»

የሟቿ አብሮ አደግ ወጥ ቤት ውስጥ ተገኘች። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተማሩ፣ አንድ ልብስ የተዋዋሱ ናቸው ይባላል። ብሎጉ ሲከፈት ጀምሮ ለነጋዴዎች ዋጋ የምትነግረው፣ በብሎጉ የይለፍ ቃል ገብታ ደብዳቤያቸውንም የምትመልሰው እሷ ናት። መሐረቧ ዓይኗ ላይ ነው፤ መሐረቡ ግን ደረቅ ነው። መርማሪዋ ሳትወድ አየችው።

«ትናንት መጥተሻል፣ እህቴ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ። የደንበኞች ደብዳቤ ላሳያት ነው። ሻይ አፈላችልኝ፣ ተጨዋወትን፣ ሄድኩ።»

«ስለ ዋጋ ጭማሪ አወራችሁ?»

«የምን ጭማሪ? ዋጋችን ስምንት ዓመት ሙሉ አሥራ አምስት ሺህ ነው። ልትጨምር ብታስብ ለእኔ ሳትነግረኝ?»

«ነጋዴው ሠላሳ ከፈልኩ ይላል።»

ሴትዮዋ አንገቷን ደፋች። «ሙት መውቀስ ነውር ነው። ንገሪያቸው የምትለኝን ነው የምነግራቸው። ለጥሩ ቃል ጨምሪባቸው ትለኝ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ።» ከዚያ ቀና አለች። «ያ ሰውዬ ግን ይጠየቅልኝ። ሠላሳ ቀን ሙሉ እሱ በላከላት ካውያ ስትተኩስ ኖራ፣ ይኸው ፈጃት።»

መርማሪዋ አመስግናት ወጣች። ልትጠይቃት ያሰበችው ጥያቄ ሳይጠየቅ ተመልሶላታል።

የቀረው የሟቿ ኮምፒውተር ነበር። ብሎጉ ላይ ሊወጣ የተዘጋጀ አጭር ጽሑፍ አገኘችበት። የመጀመሪያው አንቀጽ እሁድ የተጻፈ ነው፦ «የፍተሻ ዋጋዬ ከአሥራ አምስት ሺህ ወደ ሃያ አምስት ሺህ ከፍ ብሏል። ስምንት ዓመት ሳልጨምር የቆየሁት ስለፈራሁ ነው፤ መብራቱም ጊዜዬም ተወድደዋል።» ሁለተኛው የተጨመረው ትናንት ነው፣ ነጋዴው ከወጣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ዋጋዬን ሁሉም እንዲያየው እዚሁ ገጽ ላይ አወጣለሁ። የምትከፍሉት ለሠላሳ ቀኔ ነው። ምስጋናዬ ዋጋ የለውም፤ ከዚህ በላይ የከፈላችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አራቱን በዚያው መተኮሻው ባለበት ክፍል ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ሸሚዙ ግን እንዳለ ነው። እህትየው ከሸሚዙ ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

«ሟቿ የካርቶን መክፈቻ ምላጭ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ትናንት ሦስት ሰው እዚህ ክፍል ገብቷል። ሦስቱም ሻይ እስኪፈላ ብቻቸውን ሊቆዩ ይችሉ ነበር። ገመዱን መላጥ ሦስቱም ይችላሉ። ስለዚህ በገመዱ በኩል የትም አልደርስም።»

«ታዲያ ለምን ሰበሰብሽን?» አለ ነጋዴው።

«ለወረቀቱ ነው። እሷን የገደላት ካውያ እህቷ ከሱቅ የገዛችላት ነው። ሆዱ ቡናማ ሆኗል፤ ወር ሙሉ ሠርቷል። ወረቀቱ ግን አዲስ ነው። ሠላሳ ቀን እንፋሎት ላይ የተንጠለጠለ ወረቀት እንደዚያ አይሆንም። ጠዋት ካውያውን ስትሰካ ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ እሷ ራሷ ትገረምና ትፈታው ነበር። ስለዚህ የታሰረው ከሞተች በኋላ ነው። ጥፋቱ የናሙናው እንዲመስል የፈለገ ሰው አሰረው።»

ወደ ነጋዴው ዞረች።

«እርስዎ አይደሉም። ከእኛ በኋላ ነው የደረሱት፤ ደግሞም ሰው በገደለ ካውያ ላይ የራሱን የናሙና ወረቀት የሚያስር ነጋዴ አላጋጠመኝም። ፎቶ አንሺውም አይደለም። ወረቀቱ የየትኛው ካውያ እንደሆነ ያውቃል፤ ናሙናው ራሱ ስቱዲዮው ተቀምጧል። እህቷም አይደሉም፤ ይህንኛውን በእጃቸው ነው የገዙት። ወረቀቱን እዚህ ካውያ ላይ ሊያስር የሚችለው፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ካውያ አንድ ብቻ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።» ወደ አብሮ አደጓ ዞረች። «ከአንድ ሰዓት በፊት ምን አልሽኝ? ሠላሳ ቀን ሙሉ እሱ በላከላት ካውያ ስትተኩስ ኖራ አልሽኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፣ እህቴ። የሷን ቃል ስምንት ዓመት ስትሸጪ፣ ያ ቃል እንዴት እንደሚገኝ አንድ ቀን አልጠየቅሽም።»

«ባላውቅስ?» አለች ሴትዮዋ። «አለማወቅ መግደል ነው?»

«አይደለም። ዋጋውን ግን ታውቂ ነበር። ጭማሪ አልሰማሁም አልሽኝ። ድሮ ዋጋው አሥራ አምስት ሲሆን ለነጋዴው ሠላሳ አልሽ። እሁድ እሷ ሃያ አምስት ብላ ጻፈች፤ ሰኞ አንቺ ሃምሳ አልሽ። እጥፍ፣ እንደ ልማድሽ። የብሎጉ የይለፍ ቃል አለሽ፤ ጽሑፉን አንብበሽዋል። ትርፉን ብር ሟቿ ራሷ አስጠይቃ ቢሆን ኖሮ፣ ነጋዴው ሲጮህባት ፊቷ አመድ አይመስልም፤ ከዚያም ተቀምጣ ዋጋዋን ለዓለም ሁሉ አትጽፍም። የሰማችው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።»

እህትየው ትንፋሿን ለቀቀች። ከጠዋት ጀምሮ ይዛው የቆየች ይመስል ነበር።

ከዚያ አብሮ አደጓ መሐረቡን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ዋጋ ጨምሪ ብያት ነበር» አለች። «በየዓመቱ። ሰው ያመነኝን አላስወድድበትም ትለኛለች። እሷ ስም አላት፤ እኔ ምን አለኝ? ስልክ መመለስ። ትናንት ጠራችኝና አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ራስሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፤ ስምሽን አልጽፈውም" አለችኝ። ከዚያ ደግሞ ሻይ ላፍላልሽ ብላ ወጣች።» ምላጩ ወደነበረበት ጠረጴዛ አየች። «ግን እሷም ደብቃኛለች። ስምንት ዓመት ሁለት ካውያ እንዳለ አልነገረችኝም። አላመነችኝም ማለት ነው። እትዬ፣ አላመነችኝም አይደል?»

እህትየው ተነሥታ አጠገቧ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ጠይቄያት ነበር። ለምን ለእሷ አትነግሪያትም ስላት ምን አለችኝ መሰለሽ? "እታለም፣ ነጋዴ ፊት ለፊት ቢጠይቃት መዋሸት አትችልም፤ አታስጨንቂያት" ነው ያለችኝ። ካውያን ሠላሳ ቀን ትፈትሽ ነበር። አንቺን ግን በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልፈተሸችሽም።»

ሴትዮዋ ያን ጊዜ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አልገደዳትም። ሳጅኑ ይዟት ሲወጣ መሐረቡ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። እህትየው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤ መርማሪዋ የሚጫነውን ቦታ አሳየቻት። ፎቶ አንሺው የሆነ ነገር እንጨምርበት ወይ ብሎ ጠየቀ።

«አንድ ቃል አይጨመርም» አለች እህትየው። «የሷ ነው።»

ጽሑፉ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የነጋዴው ስልክ ጮኸ። ሰውየው ቆሞ አነበበ፤ መልሶ አነበበ። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ያለውን ያስታወሰ ይመስላል፤ ወደ እህትየው ማየት አልቻለም።

«እና ያንጠባጥባል?» አለችው መርማሪዋ።

«ምኑ?»

«ካውያው።»

ነጋዴው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ግማሹ እንደተጨማደደ የቀረውን ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ያለውንም የውሃ ነጠብጣብ አየ።

«ያንጠባጥባል» አለ።