ሳል ይወጣል፣ ትንፋሽ ይቀራል

«ቆይ ቆይ! እዚህ ጋ ቆርጠኸዋል!» አለች ድንቢጥ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ላይ እያወለቀች።

አጎቷ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሳም። «የቱ ጋ?»

«የመጨረሻው ዘፈን ላይ ነዋ። እማዬ አዝማቹን ጀምራ ሳትጨርሰው ጭብጨባ ይመጣል። ሰው በዘፈን መሃል ያጨበጭባል እንዴ?»

ይህን ጆሮ ከማን ወረሰችው ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። አጎቷ የድምፅ ባለሙያ ነው። እናቷ ደግሞ ግጥሙንም ዜማውንም ራሷ ደርሳ፣ ፒያኖዋን ራሷ እየተጫወተች፣ መድረክ ላይ ብቻዋን የምትዘፍን ሴት ነበረች። ነበረች! ይህቺን ቃል ድንቢጥ እስካሁን አልለመደቻትም። እናቷ ካረፈች ገና ዓመት አልሞላትም። አሁን አጎቷ፣ እህቱ በአንዲት ጠባብ አዳራሽ ሕዝብ ፊት ስትጫወት የተቀዳውን አሮጌ የቴፕ ክር አጽድቶ በአልበም ሊያወጣው ነው። ከሰዓት በኋላ ለአሳታሚው ይላካል።

የአጎቷ የሥራ ሕግ አጭር ናት፤ «ሳል ይወጣል፣ ትንፋሽ ይቀራል» ይላል። የታዳሚውን ሳል፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ የበሩን ጓጓታ አንድ በአንድ ለቅሞ ያወጣል። የዘፋኟን ትንፋሽ ግን ንክች አያደርጋትም።

«ክሩ እዚያ ጋ ተበላሽቶ ነው፣ የኔ ልጅ። ተይው።»

«ድንቢጥ ትሙት በላ!»

አጎቷ አልማለም። ከዚያ ሐዘን ወዲህ በእነሱ ቤት እንዲህ ብሎ የሚምል ሰው ጠፍቷል። ራሱን አከከ፣ ተነፈሰ፣ ከዚያ ያልተነካውን ቅጂ ከፈተላት።

ፒያኖው ቀስ ብሎ ገባ። እናቷ አዝማቹን ጀመረች። ወዲያው አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ ከማይክራፎኑ ሥር፣ ጆሮ እስኪያም ድረስ ጮኸች። «እማዬ! ቤት እንሂድ!» ሰው ሳቀ። ፒያኖው ትንሽ ቀጠለ። «አሁን!» ፒያኖው ቆመ።

«እሺ እሜቴ» አለች እናቷ እየሳቀች። «ይቅርታ ወገኖቼ፣ አለቃዬ አዘዘችኝ። የቀረውን ቤት ስንገባ ለእሷ እዘፍንላታለሁ።» ጭብጨባው ከዚያ መጣ።

ድንቢጥ ክው አለች። «እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። ሦስት ዓመትሽ ነበር። የሚይዝሽ ሰው ስላልተገኘ ከመድረኩ ሥር፣ ከመቅጃው ማይክራፎን አጠገብ አስቀመጥንሽ።»

«እና ቤት ስንገባ ዘፈነችልኝ?»

አጎቷ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ። «መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰደሽ። አዝዬ ያስገባሁሽ እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰው ለመናት፣ እሷ ግን እምቢ አለች። ‹የልጄ ነው፤ የጠየቀችኝ ቀን እጨርሰዋለሁ› ትል ነበር።»

«አልጠየቅኳትም እኮ!» ድንቢጥ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ማን ነገረኝና ልጠይቃት? አንተ እንኳን አልነገርከኝም!»

«ጊዜ ያለን መስሎን...» አለ። «የቆረጥኩት ለዚህ ነው። እንዳይከፋሽ ብዬ። አሳታሚው አያውቅም፣ ማንም አያውቅም። እንዲሁ ይውጣ።»

ድንቢጥ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች። የክፍሏ ልጆች ዓይኗ ላይ መጡባት። ሙድ ለመያዝ ማን ብሏቸው! «የእናቷን ዘፈን ያበላሸችው» እያሉ እስክትመረቅ ድረስ አይለቋትም። ደግሞ ውሸታቸውን አይደለም። ያ ዘፈን መጨረሻ የለውም፤ ያሳጣችውም እሷ ናት።

«እሺ፣ የቆረጥከውን ላከው» አለች።

አጎቷ ለመላክ ሲሰናዳ ማዳመጫውን መልሳ አጠለቀች። ለመጨረሻ ጊዜ ትሰማውና ይበቃታል። «አሁን!» ካለችበት ጀምሮ ለቀቀችው። ሳቁ አለፈ። ጭብጨባው እየሳሳ ሄደ። ከዚያ አጎቷም ልብ ያላለው ነገር መጣ፤ ጣውላው ላይ የባዶ እግር ኮቴ። እናቷ ፒያኖ ስትጫወት ጫማዋን ታወልቅ ነበር። ኮቴው ቀረበ፣ አሁንም ቀረበ፣ አጠገቧ ደርሶ ቆመ። ጎንበስ ያለ ሰው ትንፋሽ ተሰማት፣ እዚሁ ጆሮዋ ሥር። ደግማ ሰማችው። ደግማ።

«አጎቴ።»

«ወዬ።»

«እኔ ሳል ነኝ ወይስ ትንፋሽ?»

የአጎቷ እጅ ሳይልከው ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ድንቢጥ ማዳመጫውን አውልቃ እሱ ጆሮ ላይ አደረገችለትና ያንኑ ቦታ ደግማ ለቀቀችው። ኮቴው እስኪቀርብ ጠበቀች። ሲቀርብ ከፊቱ አወቀችው፤ ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አደረገው።

«እዚህ ጋ አትቁረጠው» አለችው። «መጥታ እስክታነሳኝ ድረስ ተወው።»