የጥሩሐረግ ብልቃጥ

ጥሩሐረግ የሞተችው ደሙ በተሰቀለላት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ወገቤን አለች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሽንቷ ጠቆረ፣ በቃ። ሰውነቷ ደም አልሠራ ስላላት ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ከፃግብጂ እየመጣች፣ ሰቆጣ በሚገኘው ምንጭ በር የግል ሆስፒታል ደም ትወስድ ነበር።

መርማሪዋ ሳጅን ሩሐማ ስትደርስ ነርሷ ይታየሽ ካቴና ሊገባላት ነው። የሌላ ሰው ደም ሰቅላ ገደለቻት ብሎ ያስያዛት የሟች አባት፣ አቶ ምንዋጋው ነው። ሩሐማ የደሙን ከረጢት አገላብጣ አየች። የደሙ ዓይነት የጥሩሐረግ ነው፤ ቁጥሩም ከማዘዣ ወረቀቱ ጋር አንድ ነው። «ታዲያ ምኑን አጠፋች?» ብላ ካቴናውን አስመለሰች።

ሐኪሙ ኪዳኑ በሽታው ነው የገደላት አለ። እንዳለው የሚባለው የላብራቶሪ ባለሙያ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ወረቀት ዘረጋ፤ ዛሬ ጠዋት ከጥሩሐረግ ደም ቀድቶ ከከረጢቱ ጋር አስተያይቶ፣ ተስማምቶ፣ ፈርሟል። ሩሐማን እንዲህ የጸዳ ወረቀት ሁሌም ያበሳጫታል። ወደ አባትየው ዞረች።

«አባባ፣ ዛሬ ስንቴ ተወጋች?»

«አንዴ። እጇን የያዝሁ እኔ ነኝ። ደሙ ተሰቅሎ ነው መርፌው የገባው።»

ሩሐማ ኪዳኑን ለብቻው ይዛ፣ ዓይነቱ አንድ የሆነ ደም እንዴት ሊገድል እንደሚችል ጠየቀችው፤ እየተቅለሰለሰ ነገራት። ከዚያ አራቱንም ላብራቶሪው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«በየወሩ የሰው ደም የሚወስድ ሰው፣ ሰውነቱ ውሎ አድሮ የሌላውን ደም መዋጋት ይጀምራል፤ ዓይነቱ አንድ ቢሆንም እንኳ። ለዚህ ነው በየጊዜው አዲስ ደም ተቀድቶ የሚፈተሸው። ጥሩሐረግ ዛሬ የተወጋችው አንዴ፣ እሱም ከረጢቱ ከተሰቀለ በኋላ። እንዳለው፣ ጠዋት የፈተሽከው ደም ከየት መጣ?»

እንዳለው ላብ አጠመቀው። «ደንበኛችን ናት፤ ደሟን እናውቀዋለን። የደም ሥሯ ስለማይገኝ እንዳትሠቃይ ብዬ ካስቀመጥኩት ላይ ነው...»

ሩሐማ ፍሪጁን ከፈተች። ብልቃጡ ላይ ጥሩሐረግ፣ ኅዳር 12 ይላል። ዛሬ ጥር 20 ነው።

«ከኅዳር ወዲህ ሁለቴ ደም ወስዳለች! የቱን ደሟን ነው የምታውቀው አንተ?»

አቶ ምንዋጋው ወደ ይታየሽ ዞሮ ይቅር በይኝ ልጄ አላት። ይታየሽ ግን አልሰማችውም፤ ዓይኗ ፍሪጁ ላይ ነበር። ከጥሩሐረግ ብልቃጥ ኋላ ስም የተለጠፈባቸው ሌሎች ስድስት ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ የፊተኛው ላይ መልሰው የሚል ስም አለ።

«የመልሰው የደም ቀጠሮ ነገ ነው» አለች።