ያልደረቀው ግድግዳ

«ይሄን ሲሚንቶ የለጠፈው የቱ አህያ ነው?» አለ ግንበኛው አቱማኒ፣ ግድግዳውን እየፋቀ።

«እኔ ነኝ» አለች ከኋላው የቆመችው ሩኪያ።

መሬት ብትውጠው በወደደ! እሷ ግን አልተቆጣችም፣ አልሳቀችም። ባሏ ባሕር ላይ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አይሰማትም።

በዚያ ዓመት የሞምባሳ አሮጌ ከተማ ነዋሪዎች ከአስተዳደሩ ጋር ተባብረው ቤቶቻቸውን ያድሱ ነበር። አስተዳደሩ ኖራ ያቀርባል፣ የሰፈሩ ግንበኞች ጉልበታቸውን ይሰጣሉ፣ ቅሬታ ያለው ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰው ፊት ይናገራል።

የሰፈሩ ቤቶች የተሠሩበት የባሕር ድንጋይ በሲሚንቶ ሲታፈን ውስጥ ውስጡን ይበላሻል። አቱማኒ ሲሚንቶውን አንስቶ በኖራ ለሰነው። ኖራ ቶሎ ከደረቀ ስለሚሰነጠቅ፣ ጠዋት ጠዋት እየመጣ ውሃ ይረጨው ጀመር።

«እንዴት አደርሽ?»

«ደህና።»

«እዚህ ቤት ሻይ የለም እንዴ?»

«ትፈልጋለህ?»

«ተይው... ሳትፈልጊ የቀዳሽው ሻይ ምን ይጥማል!»

ወር አለፈ፤ ግድግዳው አልደረቀም። ሩኪያ ዓርብ ዕለት ሰው ፊት ቆመች።

«ይሄ ሰው ሥራ አይችልም» አለች፣ የሩቅ ወሬ እንደምትናገር ሁሉ። አቱማኒ አንገቱን ደፋ። ሥራው ለሌላ ተሰጠ።

በማግስቱ የእድሳቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አሮጊቷ ሳላማ መጥታ ግድግዳውን ቆረቆረች።

«ይሄማ ካለቀለት ሦስት ሳምንት አልፎታል! ውሃ የሚፈልገው ለሳምንት ብቻ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ይረጨዋል?»

«አንቺ ልጅ! ወንድ ያለ ሥራ ባል የሞተባት ሴት ደጅ ይቆማል እንዴ? ሌላ ምን ሰበብ ነበረው?»

ሩኪያ ያን ቀን ምንም አልተሰማትም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን በሩን ከፍታ ባዶውን መንገድ ስታይ ቆየችና የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ወርውራ ከሰከሰችው።

ዓርብ እንደገና ተነሳች።

«ተሳስቻለሁ። ጎበዝ ግንበኛ ነው፣ ሥራውን መልሱለት።» ወደ እሱ ዞረች። «አንተ ግን... ስለቀረህ ተናድጄብሃለሁ!»

«ሩኪያ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በል! ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰማኝ ነገር ይሄ ብቻ ነው። ፍቅር ነው ብዬ አልዋሽህም። ንዴት ነው።»

«ይበቃኛል» አለ አቱማኒ።

«እንግዲያው አጎቴ ጋ ሽማግሌ ላክ። ዛሬ ቤት ነው።»

ይህን ብላ እዚያው ሰው መሃል ቁጭ አለች፤ ባሏ የሞተ ዕለት ያላለቀሰችውንም አለቀሰች።